በልጅነት የታወቀ ፊት

በሕፃንነታቸው መድረክና ካሜራ ፊት ያቆምናቸው ልጆች አድገው ስማቸው በክፉ ሲነሳ፣ ለምን ቀድመን እንፈርድባቸዋለን?

በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች አል ዐይን ከተማ፣ ከአል ጃሂሊ ምሽግ አጠገብ ያለው መናፈሻ በእረፍት ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ ነፍስ ይዘራል። ሙቀቱ ጋብ ሲል ኢትዮጵያውያን ሴቶች ሁለትም ሦስትም ሆነው ይመጣሉ። ምንጣፍ ይዘረጋል። በፔርሙዝ የመጣው ቡና ይቀዳል። ስለ ኮንትራት እድሳት፣ ስለ ማዳም ጠባይ፣ አገር ቤት ተጀምሮ ስለቆመው ቤት ይወራል። ጨዋታው ሲሞቅ አንዷ ስልኳን ታወጣለች፤ ሌሎቹ በትከሻዋ በኩል አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ስልኩ ላይ የምትታየው ወጣት በልጅነቷ በቴሌቪዥን ድራማ የታወቀች ናት። አሁን አድጋለች። ስሟ የተነሳው ግን በሥራዋ ሳይሆን በአንድ ወሬ ነው።

«ውይ! ያቺ ሕፃን እኮ ናት!»

«እንዲህ ሆና ቀረች?»

«አሳዳጊ የበደላት!»

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሴት ስኒያቸውን አስቀምጠው «ተዉአት፤ የሰው ልጅ ናት» ይላሉ። የሚሰማቸው የለም። ቪዲዮው እንደገና ይከፈታል፣ ለሌላ ጓደኛ ይላካል።

የወጣቷን ስም እዚህ አናነሳም። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የሚያውቅ በምንጣፉ ዙሪያ አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ቡናው ሳይበርድ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለው ችሎት በየቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየስልኩ ይቀመጣል። ተከሳሹ ሁልጊዜ ያው ልጅ ነው። ልጁን ወደ መድረክ ያወጣው፣ ከሥራው ገንዘብ ያገኘው፣ ሊጠብቀው የሚገባው አዋቂ ግን አይጠራም። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀውም ያንን አዋቂ ነው።

ምሽጉ ውስጥ ያሉት ወጣቶች

አል ጃሂሊ እ.ኤ.አ. በ1891 በሼክ ዛይድ ቢን ኸሊፋ ዘመን መሠራት የጀመረ ምሽግ ነው። የአል ዐይንን የተምር ዛፎችና የውኃ ቦዮች ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ውስጡ ካሉት ክፍሎች አንዱ የእንግሊዛዊውን ተጓዥ የዊልፍሬድ ቴሲጀርን ፎቶግራፎች ይዟል። በረኸኞቹ ዐረቦች «ሙባረክ ቢን ለንደን» ይሉት ነበር። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን ሌላ ነገር ሲያነብ ቆም ይላል፤ ቴሲጀር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ባዶው ሩብ የሚባለውን የአሸዋ ምድር ሲያቋርጥ አብረውት ከተጓዙት መካከል ሳሊም ቢን ካቢናና ሳሊም ቢን ጋባይሻ የሚባሉ የራሺድ ጎሣ ወጣቶች ነበሩ። ቴሲጀር ሲያገኘው የቢን ካቢና ዕድሜ ከአሥራ ስድስት ብዙም አይርቅም ነበር። ቴሲጀር ፎቶ አነሳቸው፣ ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስገባቸው፣ ዓለምም አወቃቸው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ለመጽሐፉ አንባቢ ግን ዛሬም ፀጉራቸው በነፋስ የሚበተን፣ በአሸዋ ተራራ ላይ የቆሙ ወጣቶች ናቸው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ቅሌት አልደረሰባቸውም። ፎቶግራፋቸው ግን የልጅ ተዋናይን ዕጣ ለመረዳት ይጠቅማል። ምስል ሰውን በአንድ ዕድሜ ያቆመዋል። ተመልካች የሚወደው ያንን የቆመውን ሰው ነው። ባለ ምስሉ ግን ይጎረምሳል፣ ይሳሳታል፣ ይወፍራል፣ ያረጃል። አንድ ቀን በአዲስ መልኩ ሲታይ ተመልካቹ የራሱ ንብረት የተወሰደበት ያህል ይቆጣል።

> ተመልካች የሚወደው ፎቶው ላይ የቀረውን ልጅ ነው፤ የሚፈርደው ግን ከፎቶው በወጣው ሰው ላይ ነው።

እዚህች አገር የተሸሸጉት ልጆች

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የልጅ ተዋናይን ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የኻሌድ ሆሴይኒ ልብ ወለድ «ዘ ካይት ራነር» ወደ ፊልም ሲለወጥ ዳይሬክተሩ ማርክ ፎርስተር ዋናዎቹን ልጆች ያገኘው ካቡል ነው። ቀረጻው በአብዛኛው የተካሄደው በቻይናዋ ካሽጋር ከተማ ነበር። ታሪኩ ውስጥ በአንድ ልጅ ላይ የፆታ ጥቃት የሚደርስበት ትዕይንት አለ። ተጠቂው የሐዛራ ብሔረሰብ ልጅ፣ አጥቂዎቹ ፓሽቱን ናቸው።

ፊልሙ ለዕይታ ሊበቃ ሲል የልጆቹ ቤተሰቦች ስጋታቸውን ተናገሩ። ልጁን የተጫወተው ታዳጊ ራሱ የፈራው ነገር ግልጽ ነበር፤ ጓደኞቹ ፊልሙን አይተው ነገሩ በእውነት የደረሰበት ይመስላቸዋል፣ ከዚያም ከቤት መውጣት አይችልም። ፓራማውንት ኩባንያ የፊልሙን መውጫ ቀን ስድስት ሳምንት አራዘመው። ልጆቹም ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ከአገራቸው ወጥተው ወደ ኤምሬቶች ተወሰዱ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2007 ለሕዝብ ቀረበ፤ የአፍጋኒስታን መንግሥት ግን በአገሩ እንዳይታይ ከለከለ።

ለኩባንያው ተገቢውን እንስጠው፤ ልጆቹን ሜዳ ላይ አልጣላቸውም። ሆኖም ጥያቄው መነሳት የነበረበት ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ነበር። ስክሪፕቱን የጻፉት፣ የመረጡት፣ ያዘጋጁት አዋቂዎች ነበሩ። አገር የለቀቁት ግን ልጆቹ ናቸው። ያንን ትዕይንት የተጫወተ አዋቂ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ «ሥራዬ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በሰፈሩ ልጆች ፊት ይህን ማስረዳት አይችልም።

ሰርከስ ኢትዮጵያ፦ ጭብጨባውና ዝምታው

በእኛም አገር የሚነገር ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት በተለወጠበት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሰርከስ ኢትዮጵያ ተመሠረተ። መስራቹ ካናዳዊ መምህር ነበር። ልጆቹ የከተማው ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ ልምምዳቸውን በሜዳ ላይ ጀመሩ፣ እየቆየ አደባባይ ወጡ። በጦርነትና በረሃብ ወሬ ለደከመው ሕዝብ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ የሚቆሙ፣ እሳት የሚወረውሩ፣ ገላቸውን እንደ ጅማት የሚያጥፉ ልጆችን ማየት ትልቅ ደስታ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየአደባባዩ ይሰበሰብላቸው ነበር። ትርኢታቸው ስለ ኤድስና ስለ ጎዳና ሕይወት ያስተምር ነበር። ጅማ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት የየራሳቸውን ሰርከስ አቋቋሙ። ቡድኑ አውሮፓን ዞረ፤ አገሪቱ በውጭ የምትታወቅበትን የረሃብ ምስል የሚሽር አዲስ ፊት ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ቡድኑ አውስትራሊያን ሲጎበኝ ከተጫዋቾቹ መካከል አንድ ቡድን ተለይቶ ጥገኝነት ጠየቀ። በቡድኑ ውስጥ በደል ደርሶብናል አሉ፤ በመስራቹም ላይ የፆታ ጥቃት ክስ ተሰማ። መስራቹ ኃላፊነቱን ለቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሕይወቱ አለፈ፤ ራሱን ማጥፋቱም ተነገረ። ነገሩ በፍርድ ቤት ተመርምሮ ብይን ሳያገኝ ቀረ።

ፍርድ ቤት ያልጨረሰውን ጉዳይ ይህ ጽሑፍ አይጨርሰውም። ማንሳት የሚቻለው ሕዝቡ የሰጠውን ምላሽ ነው። ያንን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን «ውጭ አገር ለመቅረት ያወሩት ነው» ይላል። ሌላው ወገን «እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ አይነሳም፤ ልጆቹን ያሳፍራል» ይላል። ሁለቱም ንግግሮች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ልጁ ዝም እንዲል ማድረግ። የመጀመሪያው ውሸታም ይለዋል፣ ሁለተኛው በእፍረቱ ያስረዋል። የሰርከሱን ልጆች ማን ይጠብቃቸው ነበር? ጉዞ ላይ ማን አብሯቸው ያድር ነበር? ቅሬታ ቢኖራቸው ለማን ይናገሩ ነበር? እነዚህን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው።

> «ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል። «ቢናገሩ የሚሰማቸው ማን ነበር?» የሚለው ግን ወደ እኛ ይዞራል።

የሰርከሱ ታሪክ ግን በቅሌቱ አላለቀም። አውስትራሊያ ከቀሩት አንዷ ሶሲና ወጋየሁ በሙያዋ ገፋችበት፤ ሜልበርን በሚገኘው ብሔራዊ የሰርከስ ጥበብ ተቋም ተምራ፣ ሰርከስ ኦዝ ከተባለው ታዋቂ ቡድን ጋር ሠርታ፣ ቆይታ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ጋሞ የተባለ የሰርከስ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ስሟን የምናነሳው በሥራዋ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣቶች ፈቃት ሰርከስን መሠረቱ። ልጆች ያሠለጥናሉ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ሳቅ ይዘው ይገባሉ። እነዚህ ሰዎች ሕዝቡ ፊቱን ባዞረበት ሙያ ውስጥ ቆይተው ለቀጣዩ ልጅ የተሻለ ቦታ ያዘጋጁ ናቸው።

ሕይወቷ ፊልም የሆነባት

በልጅነት የሚታወቀው ተዋናይ ብቻ አይደለም። የራሱ ታሪክ በሌላ ልጅ የሚተወንበት ልጅም አለ። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ የአሥራ አራት ዓመቷ አበራሽ በቀለ ለጋብቻ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ሲወጣ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረው ድንጋጌ ቀረ። የአበራሽ ጉዳይ በዚያ ለውጥ ውስጥ ድርሻ ነበረው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ መነሻ አድርጎ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ሠራ። ልጅቷን የተጫወተችው ገና ወጣት የነበረችው ትዝታ ሀገሬ ናት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን ሰጥታ ደገፈችው። አዲስ አበባ ላይ ግን በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እንቁጣጣሽ ቀናት ሲቀሩት፣ ለምርቃቱ የመጣው እንግዳ ገብቶ ተቀምጦ ሳለ ፊልሙ እንዲቆም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ደረሰ። ጠያቂዋ አበራሽ ነበረች። ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ተወስዷል፣ ደኅንነቴንም ስጋት ላይ ይጥላል አለች። በኋላ ወገኖቹ ተስማምተው ፊልሙ ለሕዝብ ታየ።

ያን ምሽት ብዙ ሰው የተቆጣው ለጥበቡ ነበር፤ አገር ያኮራ ፊልም በገዛ አገሩ ታገደ ተባለ። ቁጣው የሚገባ ነው። ሌላው ጥያቄ ግን ከዚያ አያንስም። አንዲት ልጅ የደረሰባት መከራ ሕግ ለወጠ፣ ጋዜጣ ሞላ፣ ፊልም ሆነ። እሷ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ድርሻ አላት? አዋቂ ሆና «የእኔ ነው» ስትል ብዙዎች ያዩት እንቅፋት ነበር፤ ያቺን ተበዳይ ልጅ አላዩአትም። እንደ ልጅ ተዋናዮቹ ሁሉ እሷም በአሥራ አራት ዓመቷ ላይ እንድትቆም ተፈልጎ ነበር።

ለምን እንዲህ እንጨክናለን?

የመጀመሪያው ምክንያት ቤተኝነት ነው። የልጅ ተዋናይ በየሳምንቱ ሳሎናችን ይገባል። አባባ ተስፋዬ ለአርባ ዓመት ያህል ልጆችን «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ሲያነጋግሩ ሕዝቡ በቴሌቪዥን የሚያያቸውን ልጆች የራሱ ያህል አድርጎ ማየት ለመደ። ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ያሳደግነው ስለሚመስለን ግን እንደ ወላጅ መቆጣትም መብታችን ይመስለናል። ወላጅ ከተቆጣ በኋላ ልጁን ወደ ቤት ያስገባል። ተመልካች ግን ተቆጥቶ ቪዲዮውን ይዘጋና ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የወንድና የሴት ልጅ ሚዛን ነው። በልጅነቱ የታወቀ ወንድ ሲሰክር ወይም ሲደባደብ «ልጅነት ነው፣ ይተወዋል» ይባላል። ሴቷ ፀጉሯን ብትቆርጥ፣ ከወንድ ጋር ፎቶ ብትነሳ «ተበላሸች» ትባላለች። በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ እናቶች ሴት ልጃቸውን ለቀረጻ ሲወስዱ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ይህን ነው፤ ልጅቷ ዛሬ የምትለብሰው ልብስ ከአሥር ዓመት በኋላ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብባት።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ወሬን ቆርጦ፣ ርእስ ሰጥቶ፣ በአስደንጋጭ ሙዚቃ አጅቦ የሚለቅ ሰው በተመልካች ቁጥር ይከፈለዋል። ልጅ ሳለች ፊቷን ሸጠው የበሉ ነበሩ፤ ካደገች በኋላም እንባዋን የሚሸጡ መጥተዋል።

አራተኛውን አል ጃሂሊ መናፈሻ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። አገር ቤት ስለ እነሱ የሚወራውን ወሬ ያውቃሉ። «ዐረብ አገር ሄዳ እንዲህ ሆነች፣ እንዲያ አደረገች» ይባላል። ጎረቤት የሚያስታውሳት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሻንጣ ይዛ የወጣችውን ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራችው፣ የቻለችው፣ የላከችው አይታይም። ስትመለስ ልብሷ፣ አነጋገሯ፣ ዝምታዋ ሳይቀር ይመረመራል። ባላደረገችው ነገር የተፈረደባት ሴት በስልኳ ላይ ስለምታያት ልጅ ለመፍረድ ስትቸኩል ማየት ያሳዝናል። ያንን ወሬ ማቆም የምትችለውም ግን እሷው ናት፤ የወሬን ዋጋ በራሷ ከፍላዋለችና። «ተዉአት፤ የሰው ልጅ ናት» ያሉት ትልቅ ሴት ይህን የተረዱ ናቸው።

> ስማቸው በሌሉበት የሚነሳ ሰዎች የሌላውን ስም ለመጠበቅ ከማንም ይቀርባሉ።

ልጁን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ዓለም ይህን ችግር ካየው ቆይቷል። ጃኪ ኩጋን እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር «ዘ ኪድ» በተባለው ፊልም ሲታይ ትንሽ ልጅ ነበር። ሚሊዮኖች አስገኘ። ለአካለ መጠን ሲደርስ ገንዘቡ በእናቱና በእንጀራ አባቱ እጅ አልቆ አገኘው፤ በ1938 ከሰሳቸው፤ ያስመለሰው ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ካሊፎርኒያ በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች። ዛሬ በዚያ ሕግ መሠረት ከልጁ ገቢ 15 በመቶው እስኪያድግ በማይነካ ሒሳብ ይቀመጣል። ሕጉ ሁሉንም አላዳነም። የልጁ ላብ የልጁ መሆኑን ግን በጽሑፍ አሰፈረ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ ጉልበቱ ከሚበዘበዝበት አሠራር እንዲጠበቅ፣ በትምህርቱና በጤናው ላይ ጉዳት በሚያደርስ ሥራ እንዳይሰማራ ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል፤ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም እንዳይሠራ ይከለክላል። የቀረጻ ቦታ ግን ፋብሪካ አይደለም፤ እዚያ ልጁ «እየተጫወተ ነው» ይባላል። ረድኤት አማረ የተባለው ታዳጊ በመሪነት የተወነበት የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ሲታይ የልጅ ትወና የት ድረስ እንደሚያደርስ አይተናል። ልጆቻችን ይህን ያህል ከቻሉ እኛም ለእነሱ የሚገባውን መሥራት አለብን።

በኤምሬቶችም ሕጉ ጠንከር ያለ ነው። በቤተሰቧ እጅ በደረሰባት በደል በሞተች ሕፃን ስም የወዲማ ሕግ እየተባለ የሚጠራው የልጆች መብት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀልና የአሉባልታ ሕግ ደግሞ የሰውን ምስል ወይም የግል ሕይወት ያለ ፈቃዱ ማሰራጨትን ያስቀጣል። አል ዐይን ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባ ስላለች ልጅ የመጣን ቪዲዮ ማስተላለፍ ተራ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በአገሩ ሕግ ፊት ግን ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ሕግ ብቻውን አይበቃም። ልጁን ለሥራ የሚወስድ አዘጋጅ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ የትምህርት ሰዓቱን ያክብር፤ ቀረጻ ላይ ለልጁ የቆመ፣ ከደሞዝ ከፋዩ ወገን ያልሆነ አዋቂ ይኑር። ወላጅ የልጁን ገንዘብ በልጁ ስም ያስቀምጥ፤ ልጁ «ይበቃኛል» ሲልም ይስማው። ጋዜጠኛና ቪዲዮ ሠሪ ክስ ሲነሳ መጀመሪያ የልጁን አሠሪ ይጥራ፤ የልጁን ፊት የርእስ ሥዕል አያድርግ። ልጁ በደል ደረሰብኝ ካለ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን?» ሳይሆን «ማን?» ይሁን።

ተመልካችም ሥራ አለው፤ ያውም ቀላል ሥራ። የመጣለትን አለመላክ። ያደገውን ልጅ እንዳደገ መቀበል። ስህተት ከሠራ እንደ ማንኛውም አዋቂ በሠራው ልክ መጠየቅ፤ በልጅነቱ ስለወደድነው ብቻ ቅጣቱን አለማክበድ። ሸርሊ ቴምፕል በሕፃንነቷ አሜሪካን ያሳቀች ልጅ ነበረች፤ አድጋ ግን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በጋና የአገሯ አምባሳደር ሆና አገለገለች። ሁለተኛ ሕይወት እንዲኖራት ተፈቅዶላት ነበር። የእኛም የመድረክ ልጆች ያንን ይፈልጋሉ፤ ለልጅነታቸው ያጨበጨብን ሁሉ አዋቂነታቸውን የማክበር ዕዳ አለብን።